ጉባኤው ሲዘምርና ጉባኤው ሲያዳምጥ፦ የዘመኑ መዝሙር ኃይል ከየት ይመጣል?

አዲስ መዝሙር በተለቀቀ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮት ይመጣል። አንዱ "ይሄ ዘፈን እንጂ መዝሙር አይደለም" ይላል። ሌላው "ስሰማው እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ፣ መንፈስ ቅዱስ ነካኝ" ይላል። ሦስተኛው "የነካህ ኪቦርዱ ነው" ብሎ ይመልስለታል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ቤቱ የተጠጋጋ ነው፤ ሙቀቱ መስኮት አያስዘጋም። የአንዱ አምልኮ የሌላው ሳሎን ይገባል። ስለዚህ ጎረቤትም ሳይጠየቅ የክርክሩ ተካፋይ ነው።

መከራከሩ ክፋት የለውም። ግን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ እየተቆጠሩ ነው። መዝሙር ሰውነታችን ላይ ምን ያደርጋል? የሚያደርገው ነገር ከእግዚአብሔር ነው ወይ? ለጉባኤው ይጠቅማል ወይ? የመጀመሪያውን ምርምር በከፊል መልሶታል። ሁለተኛው የእምነት ጥያቄ ነው። ሦስተኛው ግን ረጋ ብሎ ማየትና ማመዛዘን ይፈልጋል። በሰፊው ወሬ ውስጥ የተረሳውም እሱ ነው። እኔ በበኩሌ ትልቁ ጉዳይ እሱ ይመስለኛል።

ስለ የትኛው መዝሙር ነው የምናወራው?

"መዝሙር" ሲባል ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም የየራሱን ያስባል። እዚህ የሚነሣው የወንጌላውያን፣ በተለምዶ ፕሮቴስታንት የምንላቸው አብያተ ክርስቲያናት የዘመኑ መዝሙር ነው። ሁለት የተውሶ ቃላት በዚህ ወሬ ይደጋገማሉ። "ጎስፔል" ጥቁር አሜሪካውያን ክርስቲያኖች በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ያሳደጉት የመዝሙር ዓይነት ነው። እኛ ጋ ግን ለማንኛውም ዘመናዊ የፕሮቴስታንት መዝሙር ይውላል። "ወርሺፕ" ደግሞ ረጋ ብሎ የሚጀምር፣ ጥቂት ስንኝ የሚደጋግም፣ ቀስ እያለ የሚያድግ የአምልኮ መዝሙር ነው። የሚያስጨበጭበውና የሚያዘልለው ፈጣኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ "ምስጋና" ውስጥ ይመደባል።

ዜማው ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው የራሳችን ቅኝቶች ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሁለተኛው ከምዕራቡ ዓለም የመጣው የኮርድ አካሄድ ነው፤ ኮርድ ማለት ሦስትና ከዚያ በላይ ድምፆች አብረው ሲመቱ ነው። "ዘፈን ነው" የሚለው ክስ በብዛት የሚነሣው የችክችካ ምት ሲገባ ነው። ችክችካን ሰው ከሠርግና ከጭፈራ ጋር ያያይዘዋል። ጊታርና ድራም የሞላበት፣ የሮክ ቅርጽ ያለው ወርሺፕ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ጥያቄ ያልፋል። ያ ድምፅ በመጣበት አገር የጭፈራ ቤት ድምፅ ነበር፤ የእኛ ጆሮ ግን ያንን አያስታውስም። እንግዲህ "መንፈሳዊ አይደለም" የምንለው ዜማ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የት እንደሰማነው ማስታወሳችን ብቻ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ለምን ይለያል?

ድሬዳዋ ባቡር የመሠረታት ከተማ ናት። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ሰውም ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ። ሙዚቃቸውም አብሯቸው መጣ። አሊ ቢራ የተወለደው፣ የአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድንም በ1950ዎቹ የተነሣው እዚሁ ነው። የድሬ ልጅ ጆሮ የኦሮምኛውን፣ የሶማሊኛውንና የዐረቡን ዜማ እየሰማ ያደገ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ መቀላቀል ለማይከብደው ሰው ዜማ መቀላቀልም አይከብደውም።

በዚህች ከተማ ፕሮቴስታንቱ ጥቂት ነው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከድሬዳዋ አስተዳደር 342 ሺህ ገደማ ነዋሪ ውስጥ 70.8 በመቶው ሙስሊም፣ 25.7 በመቶው ኦርቶዶክስ ነበር። ፕሮቴስታንቱ 2.8 በመቶ ነበር። በአገር ደረጃ ግን በዚያው ቆጠራ ከ18 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ቆጠራው አርጅቷል፤ ከተማዋም ከዚያ ወዲህ አድጋለች። ቢሆንም ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ሥዕል ግልጽ ነው።

ሐዋሳ ወይም ነቀምት ላይ መዝሙር በየሱቁ፣ በየታክሲው፣ በጎረቤት ሠርግ ይሰማል። ድሬዳዋ ላይ ያለ አማኝ ግን መዝሙሩን የሚያውቁለትን ሰዎች በብዛት የሚያገኘው በጉባኤ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሥራ ቦታውና በሰፈሩ ከሌሎች ጋር በፍቅር ይኖራል፤ የሚዘምረው ግን ብቻውን ወይም በጆሮ ማዳመጫ ነው። እሁድ ሲደርስ መቶና ሁለት መቶ ሰው ያንኑ ስንኝ አብሮት ይላል። ያ ለእሱ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙኃን በሆነበት ከተማ ያለ አማኝ ይህን ያህል አይሰማው ይሆናል።

ደግሞም አካባቢው ዝማሬ ምን እንደሚያደርግ ድሮም ያውቃል። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሐረሪዎች ዚክሪ አለ። ከበሮ እየተመታ፣ የእንጨት ማጨብጨቢያ እየተጋጨ፣ ሰው በአንድነት እየተወዛወዘ ውዳሴውን ይደጋግማል። በኦርቶዶክሱ ማኅሌት ደግሞ አካሄዱ በሥርዓት የተደነገገ ነው። ቁም ዜማው ያለ መሣሪያ ይጀመራል። በዝማሜ መቋሚያው ይነሣል። በመረግድ ጸናጽሉና ከበሮው ይገባሉ። በጽፋት ይፈጥናል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ከዝግታ ተነሥቶ ወደ ግለት መሄድ ከውጭ የመጣ የወርሺፕ ፈጠራ የሚመስለው ሰው አንድ ጊዜ ማኅሌት ቆሞ ቢያድር ይበቃዋል።

ሰውነት ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ደስ የሚል ዜማ ስንሰማ ውርር ያደርገናል። እ.ኤ.አ. በ2011 በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን አጠኑ። ሰዎች ራሳቸው የመረጡትን፣ ውርር የሚያደርጋቸውን ሙዚቃ እየሰሙ አንጎላቸው ታየ። በዚያን ሰዓት ዶፓሚን ይለቀቅ ነበር፤ ይህ ከደስታና ከጉጉት ጋር የተያያዘ የአንጎል ኬሚካል ነው። የበለጠ የሚገርመው ሰዓቱ ነው። ዶፓሚኑ መለቀቅ የጀመረው የሚወዱት ቦታ ከመድረሱ በፊት፣ "አሁን ሊመጣ ነው" እያሉ ሲጠብቁት ነው። የምናውቀው መዝሙር ከማናውቀው ይልቅ የሚያስለቅሰንም ለዚህ ይመስላል። ለመጠበቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር ትንፋሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አብረው የሚዘምሩ ሰዎች የልብ ምታቸው አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስንኙ የት እንደሚተነፈስ ይወስናል፤ ትንፋሹ ደግሞ ልብን ይመራል። ረዘም ያለ ስንኝ በቀስታ ሲዘመር ትንፋሹም ይረዝማል፤ ሰውየው ይረጋጋል። "ገብቼ ሸክሜ ቀለለ" የሚለው የምእመናን አባባል በሰውነት በኩልም መሠረት አለው።

ለኔ ትልቅ ቦታ የሚይዘው ግን ሦስተኛው ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተመራማሪው ሮቢን ደንባር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት የዘፈኑ፣ ከበሮ የመቱና የጨፈሩ ሰዎች ወዲያው ሕመምን የመቻል አቅማቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ማስታገሻ፣ ኢንዶርፊን የሚባለው፣ ለመለቀቁ እንደ ምልክት ይወሰዳል። ሙዚቃውን ቁጭ ብለው ያዳመጡት ላይ ግን ይህ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ እዚያው ኦክስፎርድ በወጣ ጥናት የጎልማሶች ትምህርት የሚማሩ ሰዎች ተነጻጸሩ። የመዝሙር ክፍል የገቡት ከእጅ ሥራና ከጽሑፍ ክፍል ተማሪዎች ቀድመው ተቀራረቡ። ከወራት በኋላ ሌሎቹም ደርሰውባቸዋል፤ ስለዚህ መዝሙር ብቻውን ተአምር ይሠራል ማለት አይቻልም። የማያውቁትን ሰው በቶሎ ማቅረብ ላይ ግን ከተነጻጸሩት ውስጥ የሚስተካከለው አልተገኘም።

ከእነዚህ ጥናቶች አንድ ነገር እንያዝ። መስማትና መዘመር ሰውነት ላይ የሚያደርጉት አንድ አይደለም። ውርር ማለቱ በመስማትም ይመጣል። መቀራረቡና መጽናናቱ ግን በአብዛኛው የሚመጣው አፍ ሲከፈት ነው።

አንድ የአምልኮ ሰዓት በቅርበት

ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያን ሰፈር ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ እንውሰድ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ቬንቲሌተሩ ይዞራል፤ ሙቀቱ ግን ገና ካሁኑ ገብቷል። የአምልኮ መሪው በፈጣን መዝሙር ይጀምራል። ሰው ያጨበጭባል፣ የዘገየው እየገባ ወንበር ይፈልጋል። ሁለት ሦስት መዝሙር ካለፈ በኋላ ድራሙ ዝም ይላል። ኪቦርዲስቱ አንድ ረዘም ያለ ድምፅ ይይዛል፤ ሙዚቀኞቹ "ፓድ" ይሉታል። መሪው "እጆቻችንን እናንሣ" ይላል። አራት መስመር ብቻ ያለው አዝማች ይጀመራል።

በመጀመሪያው ዙር ሰው ቃሉን ይይዛል። በሁለተኛው ቤዙ ይገባል። በሦስተኛው ድራሙ በቀስታ ይመለሳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ስኬሉ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ስኬል ማለት መዝሙሩ የሚዘመርበት ከፍታ ነው። ያኔ አዳራሹ ይሞቃል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ እንባ ይወርዳል። ከዚያ ድንገት መሣሪያው ሁሉ ይቆማል። የቀረው የሰው ድምፅ ብቻ ነው። የፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉት እናት በሻካራ ድምፃቸው፣ በሩ ጋ የቆመው ወጣት በወፍራም ድምፁ፣ ሕፃን ያቀፈችው ሴት በሹክሹክታ። ብዙዎች የሚያለቅሱት እዚህ ቦታ ላይ ነው። ኪቦርዱ ሥራውን ጨርሶ ገለል ያለበት ሰዓት ነው።

"ታዲያ ይህ ስሜትን መጠምዘዝ አይደለም ወይ?" የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ወገን ይህ ሁሉ የታቀደ ነው፤ ሰውየው በዜማ ተሞልቶ በመንፈስ የተሞላ ይመስለዋል ይላል። በስሜት ላይ የቆመ እምነት ሰኞ ጠዋት እንደሚበተንም ያስጠነቅቃል። ሌላው ወገን እግዚአብሔር ሰውን የፈጠረው ከነሰውነቱ ነው፤ እንባና ውርር ማለቱም የእሱ ሥራ ነው፤ በዶፓሚን የሚገለጽ ነገር መንፈሳዊ አይሆንም ያለው ማነው? ይላል።

ሁለተኛው ክርክር እኔን ያሳምነኛል። የአንድ ነገር ሥጋዊ አሠራር መታወቁ ምንጩን አይዘጋም። የእናት ፍቅርም በሰውነት ውስጥ ኬሚካል አለው፤ በዚህ የተነሣ ውሸት የሚለው የለም። ግን ከዚሁ አንድ ነገር ይከተላል። እንባው ራሱ ማስረጃ አይሆንም ማለት ነው፤ በተዝካርም በሠርግም በኳስ ሜዳም እንባ አለ። ዝማሬው ከማን እንደሆነ የሚለየው በቃሉና ከእሁድ በኋላ ባለው ኑሮ ነው። "መንፈስ ስለነበረ አለቀስን" ማለት ይቻላል። "አለቀስን፤ ስለዚህ መንፈስ ነበረ" ማለት ግን አይቻልም።

ክርክሩ አዲስ አይደለም

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሁለቱንም ይዟል። ዳዊት በገና ሲደረድር ሳኦል ያርፍ ነበር። ኤልሳዕ ትንቢት ከመናገሩ በፊት በገና የሚመታ ሰው አስጠርቷል። በአሞጽ መጽሐፍ ግን እግዚአብሔር የዝማሬያቸውን ጩኸት ከእኔ አርቁ ይላል፤ ፍርድ የተዛባበት ዝማሬ አስጠልቶታል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች "በመንፈስ እዘምራለሁ በአእምሮም ደግሞ እዘምራለሁ" ሲል ሁለቱንም አንድ ላይ አስሯቸዋል። መደጋገም አእምሮን ያደነዝዛል ለሚሉም መዝሙር 136 አለ። "ምሕረቱ ለዘላለም ነውና" 26 ጊዜ ይመላለሳል። ግን በየመካከሉ አዲስ ነገር ይነገራል፦ ፍጥረት፣ ከግብፅ መውጣት፣ ምድረ በዳ። የተደጋገመውን ቃል የሚሸከም ታሪክ አለው።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ በዚሁ ተጨንቋል። ከሚዘመረው ነገር ይልቅ ዜማው ሲማርከኝ በደለኛ እሆናለሁ ብሎ ጽፏል። ወዲያው ግን በእምነቱ መጀመሪያ ላይ የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ያስለቀሰውን አስታውሶ ልማዱ ይቀጥል ይላል። ከ1600 ዓመት በላይ አልፎም ጭንቀቱ አላረጀም።

ወደ አሜሪካ ስንሄድ ቶማስ ዶርሲን እናገኛለን። ብሉዝ የሚባለውን ዓለማዊ ሙዚቃ በፒያኖ የሚጫወት ሰው ነበር። በኋላ ያንኑ አጨዋወት ይዞ ቺካጎ ውስጥ መዝሙር መጻፍ ጀመረ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት "የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ነው" ብለው በራቸውን ዘጉበት። እ.ኤ.አ. በ1932 ሚስቱ በወሊድ ሞተች፤ ሕፃኑም ወዲያው ተከተላት። በዚያ ሐዘን ውስጥ የጻፈው መዝሙር ዓለምን ዞረ። በር የዘጉበት አብያተ ክርስቲያናትም በኋላ የእሱን መንገድ የራሳቸው አደረጉት። "ጎስፔል" የምንለው በአብዛኛው በእሱ በኩል የመጣ ነው።

የካሴቱ ዘመን

የእኛም ታሪክ ከዚህ የሚያንስ አይደለም። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ዘማሪዎች ታሰሩ፤ ተስፋዬ ጋቢሶ 7 ዓመት በእስር ቆይቷል። ምሥራቁን የሚነካ ምሳሌም አለ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጅማሬ ደደርና ድሬዳዋ ላይ ከሠሩት የመኖናይት ሚሲዮናውያን ጋር የተያያዘ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1974 ስትዘጋ 5 ሺህ ገደማ አባላት ነበሯት። በ1983 በይፋ ስትከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ወጡ።

ዕድገቱን መዝሙር ብቻ አመጣው ማለት ማጋነን ነው። የቤት ለቤት ኅብረቱ፣ ጸሎቱና የሴቶቹ አገልግሎት አለ። ግን የመዝሙሩን ቅርጽ ልብ እንበል። አዳራሽ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም። ጥቂት ሰዎች ጓዳ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። ካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ይሄዳል። መዝሙሩ ሰው በቀላሉ የሚይዘው፣ ያለ መሣሪያ የሚቆም፣ ቃሉ ስብከትን የሚተካ መሆን ነበረበት። ሰባኪ በሌለበት ቤት አስተማሪው ስንኙ ነበር። የዚያ ዘመን መዝሙሮች ዛሬም በአንድ ሰው አፍ ሲጀመሩ አዳራሹ ሁሉ የሚቀበላቸው ለዚህ ይመስለኛል።

እየተለወጠ ያለው ነገር

የዛሬው መዝሙር በቅንብርም በድምፅ ጥራትም ከካሴቱ ዘመን የላቀ ነው። ይህ መታወቅ አለበት። የታመመ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማዋል። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የማያውቅ ወጣት ስልኩ ላይ ያገኘዋል። ጥራት ለእግዚአብሔር ክብር ነው የሚሉ ሙዚቀኞችም እውነት አላቸው።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። መዝሙሩ በብዛት የሚሠራው ለስልክና ለአንድ ድምፅ ነው። ዘማሪው በስቱዲዮ የሚችለው ከፍታ የጉባኤው ጉሮሮ የሚችለው ላይሆን ይችላል። ያ ስኬል እንዳለ ወደ አዳራሽ ሲገባ ወንዶቹ በመሀል ዝም ይላሉ፤ እናቶቹም ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። መዝሙሩ በየሳምንቱ ሲቀያየር ደግሞ ሰው ይዞት ሳይጨርስ ይተካል። ቀደም ብለን እንዳየነው መጠበቅ ያለ ማወቅ አይመጣም። ከዚህ ሁሉ በላይ ድምፁ አለ። ስፒከሩ በጣም ሲጮህ ሰው አጠገቡ የቆመውን አይሰማም፣ ራሱንም አይሰማም። ራሱን የማይሰማ ሰው ቀስ ብሎ መዘመር ይተዋል። እጁን አንሥቶ መድረኩን ያያል። ስሜቱ አለ፣ እንባውም አለ። ያ አብሮ የመተንፈሱ ነገር ግን ሳስቷል።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚታየው ለቅሶ ቤት ነው። እዚያ ኪቦርድ የለም። ከድንኳኑ ሥር አንድ ሰው መዝሙር ያነሣል፤ ሌላው ሊቀበለው ይገባል። በስልክ ብዙ ሰው የሰማው መዝሙር እዚያ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ይቆማል። አዝማቹን ሁሉም ያውቀዋል፣ ቀሪውን ማንም አልያዘውም። ከዚያ አንድ አዛውንት የድሮውን ይጀምሩና ቤቱ በሙሉ ይቀበላል። ኀዘንተኛን የሚያጽናናው አብሮት የሚዘምር ሰው ነው፤ መዝሙሩ እዚያ ድረስ መሄድ ካልቻለ ኀዘንተኛው በጣም በሚፈልገው ሰዓት የለም ማለት ነው።

የግጥሙም ነገር ይነሣል። "እኔ"፣ "የእኔ ዘመን"፣ "በሬ ተከፈተ" የሚለው በዛ ይባላል። ወቀሳው ከፊሉ ልክ ነው። ግን መዝሙረ ዳዊትም "እኔ" ይላል፤ ያለቅሳል፣ ይከራከራል፣ ያመሰግናል። በዘመኑ መዝሙር የጎደለው በአብዛኛው ልቅሶው ነው። ድል ብቻ የሚዘምር ጉባኤ ውስጥ ሥራ ያጣው ወይም ልጁ የታመመበት ሰው የሚዘምረው አያገኝም።

ወዴት ያመራል?

ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ሁለት ዓይነት መዝሙር የሚለይ ይመስለኛል፤ የሚሰማ መዝሙርና የሚዘመር መዝሙር። መለያየቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ማኅሌቱም ለሊቃውንቱ የሚተወው ክፍል አለው፤ ሕዝቡም የሚቀበለው ክፍል አለው። አደጋው ሁለተኛው ሲጠፋ ነው። በድሬዳዋ ደግሞ የቋንቋው ጉዳይ ይጨመራል። ቀረጻውም ስርጭቱም ወደ አዲስ አበባ ያዘነበለ ስለሆነ አማርኛውና የአዲስ አበባው ቅንብር ይገንናል። ጉባኤው ግን አፋን ኦሮሞ የሚናገር አለበት፣ ሶማሊኛ የሚሰማ አለበት። የዚህ ከተማ ጆሮ የሚያውቀው ዜማ ወደ መዝሙር ካልገባ የድሬ አማኝ በሌላ ከተማ ድምፅ ብቻ ሲዘምር ይኖራል።

ጎረቤቱ ላይ እንመለስ። የድምፅ ጉዳይ የሃይማኖት ፉክክር ተደርጎ ሲወራ መፍትሔ አይገኝለትም፤ ከየትኛውም ወገን ድምፅ ማጉያ ስላለ ሁሉም "እሱስ?" ይላል። በጤና በኩል ሲታይ ግን ቀላል ነው። የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች በስፋት የሚጠቀሙበት ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ዝግጅት ቦታዎች ያወጣው ጣሪያ በአማካይ 100 ዴሲቤል ነው። የቆርቆሮ ጣሪያና ባዶ ግድግዳ ባለው አዳራሽ እዚህ መድረስ አይከብድም። መጀመሪያ የሚጎዳውም ስፒከሩ ሥር የሚቀመጠው ዘማሪና ሕፃን ነው።

ድምፁ ዝቅ ቢል የሚጠቀመው ጎረቤቱ ብቻ አይደለም። ጉባኤው የራሱን ድምፅ መስማት የሚችለው ያኔ ነው። የሚያስፈልገውም አዲስ መሣሪያ አይደለም። ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ አዳራሹ ሲዘምር መሣሪያዎቹን ዝቅ ማድረግ ይችላል። ስፒከሮቹ ከመስኮቱ ዞረው ወደ ሕዝቡ መመልከት ይችላሉ። የአምልኮ መሪው ስኬሉን ሁለት ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ አንዱን መዝሙር ለአንድ ወር ሳይቀይር፣ የመጨረሻውን አዝማች ያለ መሣሪያ ማዘመር ይችላል። ይህን ሁሉ በሐሙስ ልምምድ ላይ ተስማምቶ ለእሁድ ማድረስ ይቻላል።